ስለ ዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ፤ የፍሬኑ ልክና የክሩ መጠን

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና በዕረፍት ጊዜ ሊሠራ ስለሚገባው ነገር ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ነገር ለብዙዎቻችሁ አዲስ ይመስል ይሆናል። ነገሩ ዓሣ በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ስለሚይዘው ስለ ክር ማጠንጠኛ መኪና ነው። ይህ መኪና ምንም እንኳ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር ቢሆን፣ ልኩን ዐውቆ ለያዘው ሰው ታዛዥ ነው፤ ልኩን ሳያውቅ በጕልበቱ ብቻ ለሚይዘው ግን ክሩንም ዓሣውንም ደስታውንም በአንድ ጊዜ ያሳጣዋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ላይ የደረሰ ስለ ሆነ ነው።

ባለፈው የመስቀል በዓል ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጉንችሬ ሄጄ ነበር። ጉንችሬ በጉራጌ ዞን የእነሞርና ኤነር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጉራጌ ሰው ለንግድና ለሥራ ወደ የትም ቢበተን፣ ለመስቀል ወደ አገሩ መመለሱ የታወቀ ልማዱ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሰሞን ቤቱ ሁሉ ሙሉ ነበረ። ከመጡት ዘመዶች አንዱ በባሕር ማዶ የሚኖር ነውና፣ 13 ዓመት ለሆነው ለእኅቴ ልጅ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነማጠንጠኛውና ከአንድ ትርፍ ጥቅል ክር ጋራ አመጣለት። ልጁም ደስ ብሎት በግቢው ውስጥ መዘውሩን ሲያዞር ዋለ። ነገር ግን በመስከረም ወንዙ ገና ሙሉና ድፍርስ ስለ ነበረ፣ «ውሃው ሲጠራ አብረን እንወርዳለን» ብዬ ቃል ሰጠሁት።

በጥር ወር ቃሌን ለመፈጸም ተመልሼ ሄድሁ። ከጉንችሬ ወደ ጊቤ ቆላ ሲወረድ የእንሰቱ ጥላ እየሳሳ፣ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። ጊቤ ከዋቤ ወንዝ ጋራ ከተገናኘ በኋላ ኦሞ ተብሎ ወደ ደቡብ በመውረድ ከቱርካና ሐይቅ የሚገባ ታላቅ ወንዝ ነው። ከሚገኙበት ዓሣዎች መካከል አምባዛና ቢልጫ የታወቁ ናቸው። አምባዛ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ነው፤ ቢልጫ ግን ሰፋፊ ቅርፊት የለበሰ፣ በወራጅ ውሃ ውስጥ መታገል የለመደ ብርቱ ዓሣ ነው። በወንዙ ጉማሬና አዞ ስላለ፣ ያገሩን ሰው ሳይጠይቁ ወደ ዳር መቅረብ አይገባም። እኛም ቦታውን በሚያውቅ ሰው ተመርተን፣ ከፍ ካለ ዐለት ላይ ተቀመጥን።

ዘንጉን ለልጁ ከመስጠቴ በፊት የማጠንጠኛውን ፍሬን እኔ ራሴ ጠምዝዤ አጠበቅሁት። ምን ያህል እንዳጠበቅሁት ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም፤ አሳቤ «እንዳይላላ» የሚል ብቻ ነበረ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ዓሣ መንጠቆውን ያዘ። ዘንጉ ጐበጠ፤ ፍሬኑ እያጕረመረመ ክሩን ይለቅ ጀመረ፤ ልጁም «ጋሼ፣ ያዝሁት! ያዝሁት!» እያለ ጮኸ። በመጀመሪያ ነገሩ ሁሉ መልካም ይመስል ነበር። ዓሣው ግን የወራጁ ውሃ አግዞት ወደ ታች ሲሄድ ክሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ክሩ የተጠቀለለበት ግንድ ሊታይ ሲቃረብ፣ ፍሬኑን ማንም በእጁ ሳይነካው፣ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ልጁ አላለቀሰም። ቀጥ ብሎ ውሃውን ሲመለከት ቈየና፣ «ጋሼ፣ አሁን ያ ዓሣ መንጠቆውን በአፉ እንደ ያዘ፣ ያን ሁሉ ክር እየጐተተ ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ማታ ከቤት ገብተን የሆነውን ስንናገር፣ የልጁ አያት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ከእንሰት ቃጫ ገመድ ይጐነጕኑ ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ እጃቸውን ሳያቋርጡ፣ «እኔ ገመድ ከመሥራቴ በፊት ጥጃ ሊታሰርበት ነው ወይስ በሬ? ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተስ ወደ ወንዝ ስትወርዱ ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ?» አሉን። ይህ ቃል አሳፈረኝ። በማግሥቱ ከገበያ ነጋዴ አንድ ባለ ሞላ ሚዛን ተውሼ፣ ከልጁ ጋራ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርን። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ማጠንጠኛው ምንድን ነው?

ክርን በመንኰራኵር ላይ ጠቅልሎ ዓሣ ማጥመድ የቈየ ጥበብ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1195 ዓ.ም. ገደማ ማ ዩዋን የሚባለው የቻይና ሠዓሊ በሠራው ሥዕል፣ በክረምት ሐይቅ ላይ በጀልባ ተቀምጦ የሚያጠምድ ሰው ከዘንጉ ጋራ ትንሽ መንኰራኵር ይዞ ይታያል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን ዐይነት ማጠንጠኛ ግን በ1905 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ያስመዘገበው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው የፈትልና የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ስለ ነበረ፣ በፋብሪካው ውስጥ ክሩ ከቆመው እንዝርት ጫፍ ላይ ያለ ችግር ሲፈታ አይቶ ያንኑ አሳብ ወደ ዓሣ ማጥመጃ አዛወረው ይባላል። እንግዲህ ይህ መኪና በትውልዱ ለሸማኔ ዕቃ ዘመድ ስለ ሆነ፣ እኛም ክሩ የሚጠቀለልበትን ክፍል በዚህ ጽሑፍ «ቀሰም» ብለን እንጠራዋለን።

ክሩም ራሱ ተለውጧል። ቀድሞ አጥማጆች ከፈረስ ጭራ፣ ከሐርና ከሐር ትል አንጀት በተሠራ ክር ይገለገሉ ነበር። በ1935 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ናይሎን ከተገኘ በኋላ ግን፣ ቀጭን፣ ብርቱና ከውሃ የተነሣ የማይበሰብስ ክር በርካሽ ዋጋ ለሁሉ ደረሰ። አለመበስበሱ ጥቅም የመሆኑን ያህል ጕዳትም እንዳለው በኋላ እናያለን።

ስለ ፍሬኑ ልክ

በቀሰሙ ላይ ወይም በስተኋላው የሚጠመዘዝ ማጥበቂያ አለ። ይህ ማጥበቂያ በውስጥ ተደራርበው የተቀመጡትን ሮንዴላዎች ይጫናቸዋል፤ በተጫናቸው መጠን ቀሰሙ በራሱ ለመዞር እንቢ ይላል። ዓሣው ከዚያ እንቢታ በላይ ሲስብ ቀሰሙ ዞሮ ክር ይለቃል፤ ስቦ ሲደክም ደግሞ ይቆማል። የፍሬን ሥራ ይህ ነው። ይኸውም ዓሣውን ለማስቆም ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እንዲለቅ የተሠራ ነው። እኔ የሳትሁት በዚህ ነበር፤ መልቀቁን እንደ ድካም ቈጠርሁት።

ልኩን ለማግኘት በቅድሚያ ክሩ የሚበጠስበትን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም በጥቅሉ ላይ በኪሎ ተጽፎ ይገኛል። የኛ ክር ውፍረቱ 0.30 ሚሊሜትር፣ የሚበጠስበትም 6 ኪሎ ነበር። የለመዱ አጥማጆች ፍሬኑን ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት በሦስተኛው እጅ፣ የሚጠነቀቁትም በአራተኛው እጅ ላይ ያቆሙታል። ስለዚህ ለ6 ኪሎ ክር የሚገባው ፍሬን 2 ኪሎ፣ ቢጠነቀቁ 1 ኪሎ ተኩል ነው። የሥራውም ደንብ ይህ ነው፤

1ኛ፤ ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ሁሉ አሳልፎ ጫፉን በሚዛኑ መንጠቆ ላይ ማሰር፤

2ኛ፤ ሚዛኑን አንድ ሰው ይዞ፣ ሌላው ዘንጉን በውጊያ ጊዜ እንደሚይዘው ከፍ አድርጎ ማዘንበል። ክሩ በጐበጠ ዘንግ ቀለበቶች ሲፈተግ ኃይል ስለሚጨምር፣ ከማጠንጠኛው አፍ ላይ ብቻ የተለካ ልክ ከእውነተኛው ያንሳል፤

3ኛ፤ ሚዛን የያዘው ሰው ሳይነጥር በዝግታ ወደ ኋላ መሄድ፤ ቀሰሙ መዞር በጀመረበት ጊዜና እየዞረም ሳለ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቍጥር ማንበብ፤

4ኛ፤ ቍጥሩ ከበዛ ማጥበቂያውን ጥቂት ማላላት፣ ካነሰ ጥቂት ማጥበቅ፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስት ጊዜ አንድ ዐይነት ቍጥር ሲገኝ መተው።

ሲነሣ የሚጠይቀው ኃይል እየዞረ ከሚጠይቀው እጅግ ከበለጠ፣ ሮንዴላዎቹ ተጣብቀዋል ማለት ነውና ተፈተው ሊጠረጉ ይገባል። ምክንያቱም ዓሣ በድንገት በሚስብበት ጊዜ ክሩን የሚበጥሰው ያ የመጀመሪያው መጣበቅ ነው።

ሚዛኑን ለባለቤቱ ከመለስን በኋላ ልጁ «ሁልጊዜ ሚዛን ከየት እናመጣለን?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ይህን የሰማች እናቱ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አንሥታ፣ «1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ አይደለምን? ይህን ልክ ሞልታችሁ አንጠልጥሉት» አለችን። እውነትም ይህ ለማንኛውም ቤት የተመቸ ዘዴ ነው። በ2 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 1 ሊትር ተኩል ውሃ አድርጎ በክሩ ጫፍ አስሮ፣ ዘንጉን በዝግታ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ጠርሙሱ ከመሬት ተነሥቶ ተንጠልጥሎ ከቀረ ፍሬኑ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ጠብቋል፤ መሬቱን ሳይለቅ ክሩ ዝም ብሎ ከፈሰሰ ላልቷል፤ ሊነሣ ሲል ቀሰሙ ቀስ እያለ ቢለቅ ግን ልኩ ተገኝቷል።

ቀሰሙ ምን ያህል ክር ይይዛል?

ሁለተኛው ጥያቄ የክሩ ርዝመት ነው። ወንዙ ሰፊ፣ ዓሣው ብርቱ ሲሆን 100 ሜትር ክር ላይበቃ ይችላል። ቀሰሙ ከሚይዘው በላይ ከተጠቀለለበትም ክሩ ከአፉ እየተንሸራተተ ይወርድና ሊፈታ የማይችል ውል ይሆናል። ሳይሞላ ከቀረ ደግሞ በሚወረወርበት ጊዜ ክሩ በቀሰሙ አፍ እየተፈተገ መንጠቆው ርቆ አይሄድም። ስለዚህ ክሩ ከአፉ 2 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም ማድረግ መልካም ነው።

ምን ያህል ሜትር እንደሚበቃ ለማወቅ ሦስት ልኮችን በማስመሪያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ክሩ ሲሞላ የሚደርስበትን ዲያሜትር፣ ባዶውን የግንዱን ዲያሜትር፣ ክሩ የሚተኛበትንም ወርድ። የልጁን ማጠንጠኛ ስንለካ የሞላው ዲያሜትር 50 ሚሊሜትር፣ የግንዱ 30 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 16 ሚሊሜትር ሆኖ አገኘነው። እንግዲህ ስሌቱ እንዲህ ነው። 50 በ50 ሲባዛ 2500፤ 30 በ30 ሲባዛ 900፤ ልዩነታቸው 1600። ይህ በወርዱ በ16 ሲባዛ 25600፤ ይህም ደግሞ በ0.7854 ሲባዛ 20106 ይሆናል። ይህ ለክር የተተወው ቦታ በሚሊሜትር ኩብ ነው።

ከዚህ በኋላ የክሩ ውፍረት በራሱ ይባዛል፤ 0.30 በ0.30 ሲባዛ 0.09 ነው። 20106 ለ0.09 ሲካፈል 223400 ሚሊሜትር፣ ማለት 223 ሜትር ያህል ይመጣል። ነገር ግን ክር በቀሰም ላይ እንደ ጡብ ተስተካክሎ ስለማይደረደርና በመካከሉ ክፍተት ስለሚኖር፣ ከዚህ ውስጥ አንድ ዐሥረኛውን መቀነስ ይሻላል። ሲቀነስ 200 ሜትር ያህል ይቀራል። በቀሰሙ ጎን ላይ ተቀርጾ ያገኘነውም «0.30 – 200» የሚል ጽሕፈት ነበረ። ልጁ ራሱ አስልቶ ያገኘው ቍጥር ፋብሪካው ከጻፈው ጋራ አንድ ሲሆን ባየ ጊዜ የነበረውን ደስታ ልገልጸው አልችልም። በትምህርት ቤት ማባዛትና ማካፈልን እንደ ሸክም ይቈጥር የነበረ ልጅ፣ በዚያ ቀን የቤቱን ክር ጥቅል ሁሉ ሲለካ አመሸ።

በቀሰሙ ላይ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ለሚያገኝ ሰው ሥራው ይቀልለታል። ሌላ ውፍረት ያለው ክር ሲያገባ፣ ርዝመቱ በውፍረቱ ልክ ሳይሆን ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ እንደሚለወጥ ብቻ ያስታውስ። ለዚህ ቀሰም 200 በ0.09 ሲባዛ 18 ነው። ይህ 18 በማንኛውም ክር ውፍረት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሜትሩ ቍጥር ይወጣል። ስለዚህ 0.25 ሚሊሜትር ክር 288 ሜትር፣ 0.35 የሆነው 147 ሜትር፣ 0.40 የሆነው ደግሞ 112 ሜትር ያህል ብቻ ይገባል። ክሩ ጥቂት ሲወፍር ርዝመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ አስተውሉ። ክሩ ያለ ጽሕፈት ቢገኝ ውፍረቱን ለማወቅ፣ በእርሳስ ላይ 20 ጊዜ አጠጋግቶ ጠምጥሞ የያዘውን ቦታ በማስመሪያ ለክቶ ለ20 ማካፈል ነው፤ 6 ሚሊሜትር ከያዘ ውፍረቱ 0.30 ነው።

ዛሬ በብዙ ገበያ የሚገኘው የተጐነጐነ ቀጭን ክር ለብቻው በለሰለሰ ግንድ ላይ ሲጠቀለል ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሥሩ ጥቂት ናይሎን አስቀድሞ መጠቅለል የተለመደ ነው። ይህም ቀሰሙን ለመሙላት ይረዳል፤ የክሩንም ወጪ ይቀንሳል።

ክሩ ስለ ምን ተበጠሰ?

አሁን ወደ ጊቤው ነገር እንመለስ። ፍሬኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካነውም ነበርና፣ በቀሰሙ ላይ በቀረው ጥቂት ክር ሚዛኑን አስረን ሳብን። ሚዛኑ ወደ 6 ኪሎ ሲቃረብ ክሩ በእጃችን ላይ ዳግመኛ ተበጠሰ። ከዚያም ፍሬኑን ሳንለውጥ ያንኑ ዐይነት ክር ከትርፉ ጥቅል ሞልተን ብንለካ ሚዛኑ 4 ኪሎ አሳየ! አንዱ ፍሬን፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ልክ ሰጠን።

ምክንያቱ በስሌት ይገለጣል። ፍሬኑ የሚይዘው ቀሰሙን እንጂ ክሩን አይደለም። ክሩ ቀሰሙን የሚያዞረው ከመካከሉ ርቆ በሆነ ጊዜ እንደ ረዥም ዘንግ ስለ ሆነ በጥቂት ኃይል ያዞረዋል፤ ክሩ አልቆ ወደ ግንዱ በቀረበ ጊዜ ግን ዘንጉ ያጥራልና ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የበሩን መዝጊያ ከእጀታው በኩል መግፋትና ከማጠፊያው አጠገብ መግፋት አንድ እንዳልሆነ ማለት ነው። የሞላው ቀሰም 50 ሚሊሜትር ሲሆን 4 ኪሎ የነበረው ፍሬን፣ ግማሹ ክር ሲወጣ ዲያሜትሩ 41 ሚሊሜትር ያህል ይሆንና 4 ኪሎ ከ850 ግራም ይደርሳል። 150 ሜትር ሲወጣ 5 ኪሎ ተኩል ያልፋል። 26 ሜትር ያህል ብቻ በቀረ ጊዜ 6 ኪሎ ይሞላል፤ ክሩም የሚበጠሰው በዚሁ ነው። እኛ ግንዱ ሊታይ ሲል ያየነው ነገር ይህ ነበረ። ለዚህም ደግሞ ውሃው ረዥሙን ክር የሚጐትትበት ኃይልና ቋጠሮው ክሩን የሚያደክምበት ሲጨመር፣ ከዚያም ቀድሞ ሊበጠስ ይችል ነበር።

ፍሬኑ በ2 ኪሎ ቆሞ ቢሆን ኖሮስ? በግንዱ ላይ ሲደርስ እንኳ 3 ኪሎ ከ330 ግራም ብቻ ይሆን ነበርና ክሩ አይበጠስም ነበር። አጥማጆች በሦስተኛው እጅ የሚያቆሙት በፍርሃት አይደለም፤ በመጨረሻ የሚመጣውን ጭማሪ አስቀድመው ስለ ቈጠሩ ነው። እንግዲህ የፍሬኑ ልክና የክሩ መጠን ሁለት ነገር ቢመስሉም አንድ ናቸው። ክሩ የበዛለት ሰው ቀሰሙ ቶሎ ስለማይራቈት ፍሬኑ እንደ ጸና ይቈያል፤ ክሩ ያነሰበት ግን ገና ከመጀመሪያው አላልቶ መጀመር አለበት። በውጊያውም መካከል ብዙ ክር ሲወጣ ጥቂት ማላላት እንጂ ደንግጦ ማጥበቅ አይገባም። የሰው ልብ ግን ክሩ ሲያልቅ ባየ ጊዜ እጁን ወደ ማጥበቂያው ይሰድደዋል።

ለልጁ ጥያቄ የተገኘ መልስ

ስለዚያ ዓሣ የጠየቀኝን ጥያቄ ልጁ አልረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ረዥም ክር ይዞ የሄደ ዓሣ፣ ክሩ በሥርና በድንጋይ ተጠላልፎበት ታስሮ ሊቀር ይችላል። ናይሎን ደግሞ እንደ ቃጫ ገመድ ቶሎ አይበሰብስም፤ ወንዝ ዳር የተጣለ ቍራጭ እንኳ የወፍ እግር ይጠልፋል። ስለዚህ የተበጠሰ ክር ሁሉ ተለቅሞ ወደ ቤት መመለስ አለበት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ ማሰብ ነው። በመንጠቆውና በዋናው ክር መካከል፣ ከዋናው ደከም ያለ አንድ ሜትር ያህል ክር መቀጠል ይገባል። ዋናው 6 ኪሎ ከሆነ ይህ 4 ኪሎ ተኩል ይሁን። ያን ጊዜ ነገሩ ሳይሳካ ቀርቶ ክሩ ቢበጠስ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ከዓሣው አጠገብ ስለ ሆነ፣ ዓሣው 170 ሜትር ክር ሳይሆን አንድ ሜትር ብቻ ይዞ ይሄዳል። ይህ ከሆነ ዘንድ ፍሬኑም የሚለካው በዋናው ክር ሳይሆን በዚህ በደካማው ነው፤ የ4 ኪሎ ተኩል ሦስተኛው እጅ 1 ኪሎ ተኩል ይሆናል። እናቱ የሞላችው ጠርሙስም ይህንኑ የሚያህል ነበር።

ከዚህም በቀር ዕቃውን በሚመለከት ሁለት ነገር እንጨምር። ከወንዝ ሲመለሱ ማጠንጠኛውን ከአሸዋ አጥርቶ፣ አድርቆ፣ ፍሬኑን ፈጽሞ አላልቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ጠብቆ የከረመ ሮንዴላ ተጨፍልቆ ልኩን ይስታልና። ስለዚህም ደግሞ በወጡ ቍጥር እንደ አዲስ መለካት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ያለ ስለ ሆነ፣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ ከመውረድ በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ ቦታው የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ይህ ለልጆች ሕግን በሥራ ማስተማሪያ ይሆናል።

በየካቲት ወር ልጁና እኔ እንደ ገና ወረድን። በዚህ ጊዜ ፍሬኑን የለካው እርሱ ነበር፤ እኔ ውሃውን ብቻ ሞላሁለት። አንድ ቢልጫ ያዘ። ዓሣው ሦስት ጊዜ ሮጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፍሬኑ ለቀቀለት፤ ልጁም እጁን ወደ ማጥበቂያው አልሰደደም። በመጨረሻ ዓሣው ደክሞ ወደ ዳር ሲመጣ፣ በወሰድነው ሚዛን 2 ኪሎ ከሩብ መዘነ። ከፊተኛው ሳያንስ አይቀርም፤ ነገር ግን ይህኛው ወደ ቤት መጣ።

አያቱም ዓሣውን ካዩ በኋላ ክሩን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። በጣታቸው መካከል አድርገው ሲያሹት ቈይተው፣ «ይህ ከቃጫዬ ይቀጥናል፤ ዛሬ ግን ልኩን የሚያውቅ ሰው ይዞታል» አሉት።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድርም ሆነ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሰው፣ በእጁ የሚያጠብቀው አንዳች ነገር አይጠፋም። ከማጥበቁ በፊት ገመዱ የሚችለውን ይመዝን፤ በመጨረሻ የሚመጣበትንም ጭማሪ አስቀድሞ ይቍጠር። ለመመዘኛውም 1 ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል።